ሽቦና የዳኛው መኪና

የዚያን ዕለት ጠዋት ሽቦ ወደ ጋራዡ ስትገባ ሦስት ነገር ቆርጣ ነበር። የመንገድ ቀያሹን ስም ላታነሳ፣ ሌላ ሰው ቢያነሳው ላትሰማ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውንም ሰዓት ላታይ። ሦስተኛውን ገና በማለዳው አፈረሰችው። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ስንት ጊዜ ቀና ብላ እንዳየች እሷም አታውቀውም። ቀያሹ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይሄዳል። አዲስ መንገድ ሊቀይስ፣ ከከተማው የሁለት ቀን ጉዞ ርቆ፣ ለሁለት ዓመት።

«ሽቦ» የሚለው ስም የወጣላት እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ሌላው ሞተር ሲያወርድ እሷ ኮፈን ሥር አንገቷን ቀብራ የተበጠሰና የተቃጠለ ሽቦ ስትለቅም ትውላለች። በዚያ ላይ ቀጭን ናት። ስሙ ከመለመዱ የተነሳ እናቷ እንኳ አንዳንዴ ያመልጣታል።

ከቀያሹ ጋር ያግባባቸውም ይኸው ስም ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት የመሥሪያ ቤቱ መኪና መብራት እምቢ ብሎት መጣ። የእጅ ባትሪ አስያዘችውና ዳሽቦርዱ ሥር ተጋድማ ገባች። ባትሪው ግን ሥራውን ትቶ ፊቷ ላይ ያበራል።

«ወንድሜ፣ ሽቦው ላይ አብራልኝ እንጂ!» አለችው።

«ሽቦ ላይ እኮ ነው ያበራሁት» አላት። ስሟን ከሠራተኞቹ አፍ ሰምቶ ኖሯል።

ሳቋ ድንገት ስላመለጣት ግንባሯን ከዳሽቦርዱ ጋር አጋጨች። ግንባሯ አብጦ ሰነበተ፤ እሱም እብጠቱን ልይ እያለ በየሳምንቱ መምጣት ጀመረ። እብጠቱ ከጠፋ በኋላም መምጣቱን አልተወም።

ግን የዳኛ ልጅ ነው፤ ያውም አንድያ ልጅ። አባቱ አርባ ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጠው በጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ ሲያልፉ የተቀመጠ የሚነሳላቸው ሰው ናቸው። የእሷ አባት በሕይወት ሳለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እናቷ ደግሞ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገቻት። ይህን ሁለቱም ያውቁታል። ለአንድ ዓመት ተኩል ግን እንደማያውቁት ሆነው ኖሩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቀያሹ ወደ ጋራዡ አጥር መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ እንዲህ አላት።

«ሁለት ዓመት ያለ አንቺ መሄድ አልፈልግም፤ ተጋብተን አብረን እንሂድ። ግን ፊትሽ ቆሜ መልስ ስጪኝ አልልሽም፤ ማስጨነቅ ይሆናል። እስከ ቅዳሜ ቃልሽን ላኪልኝ። ዝም ካልሽ እንቢ እንዳልሽ ይገባኛል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

ጊዜው ሞባይል በየኪሱ የማይገኝበት ነበር። ሐሙስ ማታ ደብዳቤ ጻፈች። ሦስቱን ቀደደች፤ አራተኛው ላይ ግን ልቧ እንዳለ ፈሰሰ። አርብ ከሥራ ስትወጣ ቱታዋን እንኳ ሳትቀይር ቤቱ ድረስ ወሰደችው። በሩን የከፈቱት ዳኛው ራሳቸው ናቸው።

«ልጄ የለም። ለእሱ ነው? አምጪው» ብለው ፖስታውን ተቀበሏት። ከዚያ ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋትና፣ «ልጄ መካኒክ የሚያስፈልገው መኪና ሲበላሽበት ብቻ ነው» ብለው በሩን በዝግታ ዘጉት። በኃይል ቢዘጉት ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ አለፈ። እሑድ አለፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀያሹ ድምፁን አጠፋ። ሽቦም ገባኝ አለች፤ አንብቦታል፣ ተጸጽቷል፣ ከእሷ የአባቱ ቤት በልጦበታል። ደጁ ሄዳ «ምነው?» ማለት ትችል ነበር። ግን ያንን በር ሁለተኛ ከማንኳኳት እጇ ቢቆረጥ መረጠች።

*

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የጋራዡ ባለቤት እየሮጠ ገባ። ሰውየው ለደንበኛውም ለሠራተኛውም መልሱ «ቆይ» ስለሆነ «ጋሽ ቆይ» ነው የሚባለው። ጋሽ ቆይ ሲሮጥ ማየት ብርቅ ነው።

«ሽቦ! አደባባዩ ጋ አንድ መኪና ፈልቶ መንገዱን ዘግቶታል። ጢሱ እዚህ ድረስ ይታያል። ዕቃሽን ይዘሽ ሩጪ!»

የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። አደባባዩ በጥሩምባ ድብልቅልቁ ወጥቷል። መሃል ላይ አንዲት አሮጌ ግራጫ መኪና ከኮፈኗ እንፋሎት ትተፋለች። ሽቦ መኪናዋን ከሩቅ አወቀቻት፤ የዳኛው ናት። ልትመለስ ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን አንድ ነገር አየችና እግሯ ራሱ ተፈተለከ። ዳኛው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ የረጠበ መሀረብ በእጃቸው ጠቅልለው፣ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍቱ እያጎነበሱ ነው።

«አይንኩት!» ብላ ጮኸች። ደርሳ እጅጌያቸውን ይዛ ጎተተቻቸው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ለዚያ ቤት ሰው የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ሆነ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ዳኛው፤ እጅጌያቸውን እያስተካከሉ።

«እኔ ነኝ። ያንን ክዳን ቢከፍቱት የፈላው ውኃ ፊትዎን ይዞት ይሄድ ነበር።»

«ጋራዡ ሌላ ሰው የለውም?»

«ሞልቶታል። ለእንዲህ ያለው ግን የሚላከው እኔ ነኝ።»

ከኋላ ወንበር የሴት ድምፅ ተሰማ። የዳኛው ባለቤት ናቸው፤ የታመመ ጉልበታቸውን ዘርግተው፣ አንድ ረጅም የእንጨት ሣጥን አቅፈው ተቀምጠዋል።

«አንተ ሰውዬ! ልጄ እየሄደ፣ አንተ እዚህ ሠራተኛ ትመርጣለህ? የማንም እጅ ይሁን የማን፣ ይሠራ!» አሉ። ከዚያ ወደ ሽቦ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚለካበትን መሣሪያ ቤት ረስቶት ሄዷል፤ ያለዚህ እንዴት ይሠራል? ስምንት ሰዓት ላይ ከከተማው ውጭ ካለው ካምፕ ይነሳሉ። እኔም ሳልሰናበተው ከሄደ…» ሐሳባቸውን ሳይጨርሱ ሣጥኑን ጭምቅ አድርገው ያዙት።

ሽቦ ከዚህ በኋላ ስለ ራሷ ማሰብ አቆመች። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ኮፈኑን ደግፋ አቆመችው።

«የሚፈላው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። «ሲቆም ነው ሲሮጥ?»

«መንገድ ሲጨናነቅ። ከከተማ ስወጣ የሙቀቱ መርፌ ንቅንቅ አይልም። ግን ምክንያቱ ታውቋል» አሉ ዳኛው። «አንድ ጋራዥ አሳይቻለሁ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይውረድ ብለውኛል።»

«ምን ለክተው?»

«አይተው ነው እንግዲህ።»

«ጓርኒሲዮን ማለት በሞተሩ ራስና በሆዱ መሃል ያለው ንጣፍ ነው። እሱ ቢቃጠል ኖሮ ሲሮጥም ይፈላ ነበር። የእርስዎ መኪና ስትሮጥ ደህና የምትሆነው ንፋሱ ራዲያተሩን ስለሚያበርድላት ነው። ስትቆም ንፋስ የሚሰጧት እነዚህ ናቸው።» ከራዲያተሩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ማራገቢያዎች በካቻቪቴዋ ጫፍ አሳየቻቸው። «ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ያዙሩት እስቲ።»

ዳኛው አዞሩት። ማራገቢያዎቹ ፀጥ እንዳሉ ቀሩ።

«ይኸው። በዚህ ሁሉ ሙቀት ሁለቱም መዞር ነበረባቸው። ሞተርዎ ሳይመረመር ነው የተፈረደበት።»

ነገር አስባ አልነበረም የተናገረችው። ዳኛው ግን ዓይናቸውን መለሱ። ሽቦም ምን እንዳስደነገጣቸው ሳይገባት፣ ደረቷ ውስጥ አንድ ስም የሌለው ጥርጣሬ ሲነሳ ተሰማት።

*

የመኪናዋ ፊውዝ ያለው ከተሳፋሪው ወንበር ፊት፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው። እዚያ ለመድረስ ኪሱ ተነቅሎ መውጣት አለበት። ሽቦ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ ሁለቱን ቡሎኖች ፈታች፤ በውስጡ ያለውን ወረቀት እንዳይበተን በእጇ ሰበሰበችው። የመድን ወረቀት፣ አሮጌ መነጽር፣ የከተማ ካርታ። ከካርታው እጥፋት መሃል አንድ ፖስታ ሾልኮ ጭኗ ላይ ወደቀ።

ጥጉ ላይ የአውራ ጣት የግሪስ አሻራ አለበት። አሻራው የእሷ ነው። ላዩ ላይ በራሷ ጽሕፈት «ለቀያሹ» ይላል።

ፖስታው በቢላ፣ በጥንቃቄ፣ ቀጥ ባለ መስመር ተከፍቷል።

አደባባዩ ላይ ስንት መኪና ይጮህ እንደነበር እንጃ፤ ለሽቦ ዓለም ፀጥ አለ። የሚገርመው፣ ከንዴቱ በፊት የመጣው ደስታ ነው። አላነበበውም! ልቧ ይህቺን አንዲት ቃል ይዛ ዘለለች። አላነበበውም፤ አልተጸጸተም፤ እንቢ ያልኩት መስሎት ነው ሦስት ሳምንት ዝም ያለኝ። ከዚያ ንዴቱ ደረሰ፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። በጎን መስታወቱ በኩል የዳኛውን ሙሉ ልብስ አየችው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብትሄድ ማን ይከሳታል? ሽማግሌው ከነመኪናቸው እዚያው ይፍሉ!

«ምነው ዝም አልሽ፣ ልጄ?» አሉ እናትየው ከኋላ። «የተቃጠለ ነገር አገኘሽ?»

ይህች መኪና ካልተነሳች እናት ልጇን አትሰናበትም። ይህች መኪና ካልተነሳች እሷም ካምፑ አትደርስም። መጀመሪያ መኪናዋ። ከዚያ ሌላው።

«አይ እማማ፣ ፊውዙ ደህና ነው» አለች። ፖስታውን ኪሷ አልከተተችውም፤ ዳሽቦርዱ ላይ፣ መስታወቱን አስደግፋ፣ ጽሕፈቱን ወደ ውጭ አዙራ አቆመችውና ወረደች። የተከፈተው ኮፈን ስለጋረዳቸው ዳኛው አላዩትም።

ከዚያ በኋላ እጇ ብቻ ነበር የሚናገረው። ለማራገቢያዎቹ ኤሌክትሪክ የምታሳልፈውን ሪሌ የምትባል ትንሽ ጥቁር ሣጥን ነቅላ በጥሩምባው ሪሌ ቀየረቻት፤ ለውጥ የለም። የተነቀለችውን ጥሩምባው ጋ ሰክታ ስትሞክር ጥሩምባው አምባረቀ፤ ዳኛው ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ሪሌዋ ጤነኛ ናት። ሁለት ሽቦ ከባትሪው ቀጥታ ወደ ማራገቢያው ወሰደች፤ ማራገቢያው ተወርውሮ ዞረ። ሁለተኛውም እንደዚሁ።

«እነሱም ደህና ናቸው» አለች ለራሷ ያህል። «እንግዲህ መንገዱ ላይ ነው የሚቀረው። ይቺን አምፖል ይያዙልኝ።»

ዳኛው መሞከሪያዋን አምፖል ያዙ። ሽቦ አንዱን ጫፍ ማራገቢያው ሶኬት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ስታደርገው አምፖሏ በራች። ሌላውን ጫፍ ወደ ሶኬቱ ጥቁር ሽቦ ስታዞረው ጠፋች።

«አገኘሁህ» አለች። «ኤሌክትሪኩ ይደርሳል፤ መመለሻ ግን የለውም። ማሳው ነው የተቋረጠው፤ ወደ መኪናው አካል የሚመልሰው ሽቦ።»

ጥቁሯን ሽቦ በጣቷ እየዳሰሰች ተከተለቻት። ባትሪው ሥር ገባች። ባትሪውን አነሳችው። የባትሪው አሲድ እየተንጠባጠበ ሽቦዋ የታሰረችበትን ቡሎን በልቶት፣ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ስትነካው ተፈረፈረ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጣጣ የአንዲት ሽቦ ጥፋት ነው?» አሉ ዳኛው።

ሽቦ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሽቦዋ ምንም አላጠፋችም። የበሰበሰው የያዛት ቡሎን ነው።»

እሷ ዝገቱን በካቻቪቴ ፍቃ፣ በብርጭቆ ወረቀት አብሳ፣ በአዲስ ቡሎን አጥብቃ አሰረችው። ባትሪውን መልሳ ቁልፉን ስታዞር ሁለቱ ማራገቢያዎች በአንድ ጊዜ አጓሩ። ጥግ ይዘው ሲጠብቁ ከነበሩት ሾፌሮች አንዱ «እሰይ የኔ እህት! እንግዲህ መንገዱን ልቀቁልን!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩ በረድ ሲል ክዳኑን በጨርቅ ይዛ በዝግታ አስተነፈሰችው፤ ሞተሩን አስነስታ ውኃውን ቀስ እያለች ሞላችው። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

ከዚያ ኮፈኑን አውርዳ ዘጋችው።

ዳኛው ደብዳቤውን ከመስታወቱ ጀርባ አዩት። «ለቀያሹ» ይላል፤ ቀጥ ብሎ ፊታቸው ቆሟል። እናትየውም ባላቸው ሲገረጡ አይተው፣ ከኋላ ተንጠራርተው አነሱትና አገላብጠው አዩት። የተከፈተውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት። ያን የቢላ አከፋፈት ሠላሳ አምስት ዓመት ያውቁታል።

«አንተ ነህ?» አሉ በቀስታ። «የልጄን ደብዳቤ?»

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽቦ ሰውየው ያለ ባርኔጣ ምን ያህል እንደሚያንሱ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው።

«ልሰጠውም አልቻልኩም፣ ልቀደውም አልቻልኩም» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። እንቢ ካልሽው ሥራውን ትቶ እዚሁ ይቀርልኛል ብዬ ነበር። አንቺ ‹አብሬህ እሄዳለሁ› ብለሽ ጻፍሽ። ይዘሽው ከሄድሽ አይመለስልኝም አልኩ። እሱ ግን ጭራሽ… ያንቺ ዝምታ ነው ቶሎ እንዲሄድ ያጣደፈው። ከዚያ ልናገር ስል ቀን እየጨመረ፣ እየከበደኝ…»

«የእኔን ቃል ብቻዎን ሰሙት፣ ብቻዎን ፈረዱበት» አለች ሽቦ። «የተጻፈለት ሰው ሳይሰማው! ችሎት ላይም እንዲህ ነበር የሚፈርዱት?»

«አልነበረም» አሉ ዳኛው። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልነበረም። ይቅርታ…»

«ይቅርታዎን ለእኔ አሁን አይንገሩኝ፤ አሁን ብሰማው አልቀበልዎትም። ለእሱ ይንገሩት። ቁልፉን ይስጡኝና ይግቡ።»

ዳኛው ቁልፉን ሰጧት። በሕይወታቸው ትእዛዝ ሲቀበሉ ይህ ስንተኛቸው እንደሆነ አይታወቅም። ሽቦ ግን መሪውን ስትጨብጥ ድል አልተሰማትም፤ ያሰበችው ስምንት ሰዓትን ብቻ ነው።

*

መንገዱ እንደ ክፉ ቀን አልገፋ አለ። ገበያው ጋ ሲደርሱ መኪና በመኪና ላይ ቆሟል። የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ሩብ፣ ግማሽ፣ ከግማሽ አለፍ። ዳኛው መቀመጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መርፌው ላይ አፍጥጠዋል። ድንገት ከፊት አንድ ጉርምርምታ ተነሳ።

«ምንድን ነው ደግሞ የሚጮኸው?» አሉ እናትየው ደንግጠው።

«ማራገቢያው ነው እማማ፤ ሥራውን ጀመረ» አለች ሽቦ። መርፌው ቆመ፤ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። እናትየው ከኋላ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ጫን አድርገው ለቀቁት።

ካምፑ የደረሱት ለስምንት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው። ስድስት መኪናዎች ሞተራቸውን አስነስተው በመስመር ቆመዋል። ቀያሹ የመጨረሻው መኪና ላይ ድንኳን እያሰረ ነበር። ግራጫዋን መኪና አየ፤ ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ። ከዚያ መሪውን የያዘችውን አየ። እጁ እንደተነሳ አየር ላይ ቀረ።

ሽቦ ወረደች፤ ግን በሩን ተደግፋ ቆመች። እሱ ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ ዓይኑ ሊሸሻት እየፈለገ መሸሽ አቃተው።

«ልትሰናበቺኝ መጣሽ?» አላት። «ባትመጪ ይሻለኝ ነበር።»

ቀድመው የተራመዱት ዳኛው ናቸው። በሾፌሮቹ፣ በሠራተኞቹ፣ በሰው ሁሉ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ስማኝ ልጄ። ይህች ልጅ የቀጠርክላት ቀን ሳያልፍ መልስህን ይዛ ደጄ መጥታ ነበር። የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ከፍቼ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የደበቅኩትም እኔ። እሷ አልበደለችህም። እኔ ነኝ የበደልኳችሁ።» ፖስታውን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

ቀያሹ ተቀበለ። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ተመልሶ ደገመው። ሽቦ የትኛው ቦታ እንደሆነ ታውቃለች። «አንተ መንገዱን ስትቀይስ እኔ መኪናውን አስነሳለሁ፤ ብቻ ማታ ማታ አንድ መብራት ሥር እንገናኝ» የሚለው ነው። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋወጠና ወደ አባቱ ዞረ።

«አባዬ፣ እንዴት…? ሦስት ሳምንት አብረን ማዕድ ቀርበን! ዓይኔን እያየህ!»

«ተው» አለች ሽቦ። በሩን ለቃ ተጠጋችው። «አባትህን ለመቆጣት ሁለት ዓመት አለህ። ለእኔ ያለህ አራት ደቂቃ ነው።»

ከቀያሹ ንዴት መሃል አንድ የተሰበረ ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁን ተከትሎ እንባው መጣ።

«እንቢ ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም የናቅኸኝ መስሎኝ ነበር። ጋራዡ እኮ አልጠፋህም! መጥተህ ‹ምነው?› ማለት አቃተህ?»

«እንቢ ስትይኝ ፊትሽን ማየት ፈራሁ።»

«ፈሪ!» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ስድብ አልመሰለም፤ እሷም ያንን በር ዳግመኛ ማንኳኳት የፈራች ናት። «ሁለታችንም» አለች ዝቅ ብላ። «ሁለታችንም ፈሪዎች ነን።»

«እዚህ የጻፍሽው…» ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ዛሬም እንዲሁ ነው?»

የፊተኛው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሽቦ ለመመለስ አልቸኮለችም። እንዲህ ያለ መልስ በጥሩምባ አይሰጥም።

«አይደለም» አለች። የቀያሹ ፊት ሲጨልም አየች፤ ቢሆንም ቀጠለች። «ያንን ስጽፍ ጥለኸኝ እንዳትሄድ ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ተጥዬ አየሁት፤ አልሞትኩም። ስለዚህ አሁን እንደ ሻንጣ ተጭኜ አልከተልህም። ሥራዬን ይዤ ነው የምመጣው።» ድንኳኑ የታሰረበት መኪና አጠገብ ወደቆመው የጉዞው ኃላፊ ዞረች። «ጌታዬ፣ እነዚህ መኪናዎች ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አላቸው?»

ኃላፊው፣ ነገሩን ሁሉ ቆሞ ሲሰማ የነበረ ትልቅ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛ? እህቴ፣ ከስድስቱ የአንዱ ፍሬቻ አይሠራም፣ የሁለቱ መብራት ሲፈልግ ነው የሚበራው። ዛሬውኑ ብትወጪ ደስታዬ ነው!»

«ዛሬ አይሆንም። ጋራዡ ውስጥ የጀመርኩት ሥራ አለ፤ እናቴንም ማነጋገር አለብኝ። በሠላሳ ቀን እደርሳለሁ።» እንደገና ቀያሹን አየችው። «ስደርስ ስለ ሠርጉ እንነጋገራለን። ከፈለግህ።»

«ከፈለግህ?» አለ ቀያሹ። ግሪስ የነካውን እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጉንጩ ላይ አስጠጋው። ሾፌሮቹ ፉጨታቸውን ለቀቁት። «ሠላሳ ቀን ስንት ሰዓት ነው? ልቁጠረው።»

«መኪና ላይ ሆነህ ቁጠረው። ውጣ፣ ጥለውህ ይሄዳሉ!»

እናትየው ሣጥኑን አስረክበው ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ። ዳኛው ዘንድ ሲደርስ ቀያሹ ትንሽ ቆመ። አላቀፋቸውም። ግን እጁን ዘረጋላቸው፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ለመልቀቅም ጊዜ ወሰደባቸው። ለዛሬ የሚሆነው ያን ያህል ነበር።

መኪናዎቹ ተራ በተራ ከግቢው ወጡ። አቧራው እስኪወርድ ድረስ ሦስቱም ባሉበት ቆሙ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አላደረጉም።

«የምትሄጂበት ቀን…» አሉ ሳያዩዋት። «የምትሄጂበት ቀን መኪና ተራ ድረስ እኔ ባደርስሽ… ትፈቅጂልኛለሽ?»

ሽቦ ደረቷ ውስጥ ፈልጋ ይቅርታን አጣችው፤ ገና ነው። ግን ጥላቻውም እዚያ አልነበረም።

«ያድርሱኝ» አለች በመጨረሻ። «የምነዳው ግን እኔ ነኝ።»

እናትየው በእንባቸው መሃል ሳቁ። ሽቦም እንባዋ ሳያስፈቅዳት መውረድ ጀመረ፤ ሦስት ሳምንት ይዛው የነበረው ሁሉ፣ ያለ እፍረት፣ በሽማግሌው ፊት። አላበሰችውም። ሠላሳ ቀን በፊቷ ተዘርግቷል፤ አንድ በአንድ አሰበችው፣ አንዱም አላስፈራት።